ያገለገለ የመስክ መኪና እና በሻንሲ ቁጥሩ ላይ ያለ የፋብሪካ ዕዳ

አይከል፦ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጭልጋ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አይከልን አቋርጦ ያልፋል። ከአይከል ወዲያ መንገዱ ከፍታውን እየለቀቀ ወደ ሞቃታማው ቆላ ይወርዳል። ከአስፋልቱ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ኮረኮንች ናቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ የመስክ መኪና የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወላድን ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ነጋዴን ከገበያ ገበያ ያገናኛል፤ ሰሊጥ ሸጦ ጥሪት ለቋጠረ አርሶ አደርም የሥራ መሣሪያ ይሆናል።

በአካባቢው የሚሸጥ የመስክ መኪና ከሞላ ጎደል ያገለገለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መታገዱን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። አዲስ የነዳጅ መኪና መግባቱ ሲቆም ቀድሞ የገባው እየተጠገነ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረዘም ላለ ዘመን ይሠራል ማለት ነው።

ገዢ ብዙ ነገር ይመረምራል። የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ባሌስትራውን በጉልበቱ ይፈትሻል፣ ሊብሬው ላይ ዕግድ አለመኖሩን ያረጋግጣል። አንድ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህን መኪና የሠራው ፋብሪካ ለጥገና ጠርቶት ነበር ወይ? ከተጠራስ ጥገናው ተደርጎለታል ወይ?

የደኅንነት ጥሪ ማለት ምን ማለት ነው?

የመኪና አምራቾች አንድ ምርት ከገበያ ከዋለ በኋላ ለአደጋ የሚዳርግ የሥራ ወይም የንድፍ ጉድለት ሲገኝበት ባለቤቶችን አስጠርተው ክፍሉን በነጻ ይጠግናሉ ወይም ይለውጣሉ። ይህ አሠራር የደኅንነት ጥሪ ወይም በተለምዶ ሪኮል ይባላል። ጥሪው መኪናው ባለፉት ዓመታት በአያያዝ ጉድለት የደረሰበትን እርጅና አይመለከትም። ያለቀ የፍሬን ሸራ ወይም የላላ አመርዛተር የባለቤቱ ወጪ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አብሮ የተወለደ ጉድለት ግን የፋብሪካው ዕዳ ነው።

ይህ ዕዳ የሚመዘገበው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ነው። ስለዚህ መኪናው አምስት ጊዜ ስሙ ቢዞርም፣ ባሕር ተሻግሮ ቢመጣም፣ ጥገናው እስካልተደረገለት ድረስ ጥሪው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ተጠርቶ የተጠገነ መኪና የሚፈራ መኪና አይደለም፤ እንዲያውም ከተጠራጠሩት የተሻለ ነው። አደጋው ያለው ተጠርቶ ያልሄደው ላይ ነው።

ከማዳበሪያ ጋር የሚመሳሰለው የኤርባግ ጉድለት

በመኪና ታሪክ ትልቁ የደኅንነት ጥሪ የታካታ ኤርባግ ጥሪ ነው። ኤርባግ ግጭት ሲደርስ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተነፍቶ የሰውን ራስና ደረት ከመሪውና ከዳሽቦርዱ የሚከላከል ከረጢት ነው። ከረጢቱን የሚነፋው በብረት ቀፎ ውስጥ የታሸገ ተቀጣጣይ ኬሚካል ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ ሥራ የመረጠው አሞኒየም ናይትሬትን ነበር። ይህ ውሕድ በብዙ አገሮች ለማዳበሪያነት ይውላል።

ማዳበሪያ በቤቱ ያከማቸ አርሶ አደር እርጥበት የነካው ዩሪያ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይረጥባል፣ ይጋገራል፣ የቀድሞ ቅርጹን ያጣል። ታካታ ኤርባግ ውስጥ የሆነውም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። እርጥበት ለዓመታት እየሰረገ ሲገባና ሙቀቱ ቀን እየጨመረ ሌሊት እየቀነሰ ሲፈራረቅ የኬሚካሉ እንክብል ይላላል፤ ይሰነጣጠቃል። ግጭት ደርሶ ሲቀጣጠል ከልኩ በላይ ፈጥኖ ይነድዳል። ግፊቱም የብረት ቀፎውን ይፈነዳዋል። ሰውን ለማዳን የተሠራው ከረጢት የብረት ስብርባሪ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወረውራል።

የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገው ሆንዳ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2008 ነው። ከዚያ በኋላ ጥሪው ቶዮታን፣ ኒሳንን፣ ፎርድንና ሌሎችንም አዳርሶ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል የኤርባግ መንፊያዎችን አካተተ። በዚያው አገር ከ25 በላይ ሰዎች በዚህ ጉድለት ሞተዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆስለዋል። ታካታ እ.ኤ.አ. በ2017 ኪሳራ አወጀ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶዮታ በአሜሪካ ላሉ 50 ሺህ ያህል መኪኖች ባለቤቶች ጥገናው እስኪደረግ ድረስ መኪናቸውን ጨርሶ እንዳይነዱ አሳሰበ። ከተጠቀሱት ውስጥ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ እንዲሁም የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር ሞዴሎች ይገኙበታል። ሞዴሎቹ በፈረንጆች ዘመን የተቆጠሩ ናቸው። ከ2010 እስከ 2016 የተሠሩት የፎር ራነር የመስክ መኪኖችም በታካታ ጥሪ ውስጥ ገብተዋል።

ይህ ዝርዝር ራቭ ፎር ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች አንዱ ታካታ ኤርባግ ሊኖረው፣ ሌላው የተለየ ፋብሪካ ምርት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው አልተጠገነም ይሆናል። ልዩነቱን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ገዢን ሊያዘናጉ አይገባም። አንደኛው የደጋው ብርድ ነው። የላላ እንክብል ወደ ቀዝቃዛ አገር ስለመጣ ተመልሶ አይጠነክርም። መኪናው ቀድሞ ሞቃትና እርጥበታማ በሆነ የባሕር ዳርቻ አገር ለዓመታት ሠርቶ ከሆነ ጉዳቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው የዳሽቦርዱ መብራት ነው። የኤርባግ ምልክት ቁልፍ ሲዞር በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱ የኤሌክትሪክ መስመሩ ጤናማ መሆኑን ብቻ ያሳያል፤ በቀፎው ውስጥ ያለው ኬሚካል መበላሸቱን አያውቅም። ምልክቱ ጭራሹን የማይበራ ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል የባሰ ጥርጣሬ ያስፈልጋል።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉም በዚህ ረገድ ዋስትና አይሆንም። ፍሬንን፣ መብራትንና መሪን መፈተሽ ይቻላል፤ የታሸገ ቀፎ ውስጥ ያለን እንክብል ግን ማንም ባለሙያ በዐይኑ አይቶ ሊፈርድ አይችልም።

በመጠምዘዣና በዳገት ላይ የሚታዩ ጉድለቶች

የደኅንነት ጥሪ ሁሉ የብረት ስብራት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2010 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ሌክሰስ ጂኤክስ 460 የተባለውን የመስክ መኪና በመጠምዘዣ ላይ ሲፈትን፣ ነጂው በድንገት እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ሲያነሣ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ሲንሸራተት አገኘ። መጽሔቱ አንባቢዎቹ መኪናውን እንዳይገዙ አስጠነቀቀ። ቶዮታ ሽያጩን ወዲያው አቁሞ በቀናት ውስጥ በመላው ዓለም 34 ሺህ ያህል መኪኖችን ጠራ። ከእነዚህ ውስጥ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ይገኝበታል፤ ሁለቱ መኪኖች በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸውና።

ጥገናው አንድም ብሎን አላስፈለገውም። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር አዲስ ፕሮግራም ተጫነለት፤ በዚያው አለቀ። ይህን ጥገና ያላገኘ የዚያ ዘመን ፕራዶ ከተጠገነው ጎን ቢቆም በዐይን አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ጭነት ይዞ ወደ ቆላ በሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማወቁ ይረፍዳል።

ሌላው ምሳሌ የነዳጅ ፓምፕ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በነዳጅ ታንከር ውስጥ ያለው ፓምፕ ሥራ ሊያቆም ይችላል በሚል ብዙ ሞዴሎችን ጠራ፤ በዚያ ዓመት መጋቢት ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደረሰ። በአሜሪካ ከተጠሩት ውስጥ በቤንዚን የሚሠሩ የላንድ ክሩዘርና የፎር ራነር መኪኖች ነበሩ። ጉድለቱ ያለበት መኪና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ አንዳንዴም በጉዞ ላይ ድንገት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ የነዳጁ ጥራት ነው። ማጣሪያ ይለወጣል፣ ታንከር ይታጠባል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። የጥሪውን ታሪክ ያወቀ ባለቤት ለመካኒኩ ከየት እንደሚጀምር መንገር ይችላል።

የአንድ ባለቤት አቤቱታ እንዴት ጥሪ ይሆናል?

ፋብሪካዎች ጉድለታቸውን ሁልጊዜ በራሳቸው አነሣሽነት አይናገሩም። ብዙ ጥሪዎች የተጀመሩት ተራ ባለቤቶች ባስገቡት አቤቱታ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር አቤቱታዎችን በሞዴልና በዓመት ለይቶ ይመዘግባል። ተመሳሳይ ቅሬታ ሲበዛ ቅድመ ምርመራ ይከፍታል፤ ማስረጃው ሲጠነክር የምሕንድስና ጥናት ያደርጋል፤ ጉድለቱ ሲረጋገጥም አምራቹ መኪናውን እንዲጠራ ይጠየቃል።

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ትምህርት የፋየርስቶን ጎማ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው የመስክ መኪና ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በፍጥነት ጉዞ ላይ የላይኛው የጎማ ንጣፍ ከሥሩ እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር። ሙቀት፣ ከባድ ጭነትና የንፋስ ማነስ ጉዳቱን ያባብሱት ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጎማዎቹን መለወጥ ጀመረ። በአሜሪካ ግን ነገሩ የታወቀው አቤቱታዎች ተከማችተው በግንቦት 2000 ምርመራ ከተከፈተ በኋላ ነው። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6 ነጥብ 5 ሚሊዮን ጎማዎችን ጠራ። በአሜሪካ ከ270 በላይ ሰዎች ከዚህ ጋር በተያያዘ አደጋ ሞተዋል።

ሞቃት አገሮች ቀድመው ያዩት ጉድለት ለሌሎች በወቅቱ አልተነገረም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ አምራቾች በውጭ አገር የሚያደርጉትን የደኅንነት ጥሪ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲያሳውቁ አስገደደ። የታሪኩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። በቃል ብቻ የተነገረ ቅሬታ ከጋራዥ በር አያልፍም፤ ተጽፎ የተመዘገበ ቅሬታ ግን ከመሰሎቹ ጋር ተደምሮ ሕግ እስከማስለወጥ ይደርሳል።

ጥሪው አይከል የማይደርሰው ለምንድን ነው?

የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር በተመዘገበው ባለቤት አድራሻ ነው። በዱባይ ወይም በአሜሪካ የተሸጠ መኪና ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ ሲገባ የአድራሻው ሰንሰለት ይበጠሳል። ደብዳቤው ለቀድሞው ባለቤት ይደርሳል፤ እርሱ ግን መኪናውን ከሸጠ ቆይቷል። አዲሱ ባለቤት ደግሞ መጠራቱን አያውቅም። በአገር ውስጥ ያለው የአምራቹ ወኪል፣ ለምሳሌ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ፣ የሚያውቀው በቅድሚያ ራሱ አስመጥቶ የሸጣቸውን መኪኖች ነው። በግለሰብ የገባ መኪና ባለቤቱ ራሱ ቁጥሩን ይዞ ካልቀረበ በስተቀር ማንም አይፈልገውም።

ስለዚህ ጥሪውን መፈለግ የገዢው ሥራ ይሆናል። በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩ እስኪነግረው አይጠብቅም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ አስኪዶ ያያል፣ ቢቻል ጠምዶ ይሞክራል። የመኪና ጥርስ የሻንሲ ቁጥሩ ነው።

ቀብድ ከመክፈል በፊት

የመጀመሪያው እርምጃ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ በቀጥታ መገልበጥ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ቁጥሩ በ17 ፊደላትና አኃዞች የተጻፈ ሲሆን በነጂው በር ፍሬም ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር በዳሽቦርዱ ጥግ ወይም በራሱ በሻንሲው ብረት ላይ ይገኛል። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ እነዚህን የሚመስል ነገር ከታየ አንድ ወይም ዜሮ ነው። በጄ የሚጀምር ቁጥር መኪናው በጃፓን መሠራቱን ያመለክታል። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ተደጋግሞ የተመታ ቁጥር ከታየ ግዢውን በዚያው ማቆም ይሻላል።

ሁለተኛው እርምጃ ቁጥሩን ማስፈተሽ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ከሆነ የአሜሪካው የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በበይነ መረብ በነጻ ያሳያል። ከባሕረ ሰላጤው ለመጣ መኪና የሳዑዲ ዓረቢያ ንግድ ሚኒስቴር የጥሪ ማዕከል ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። የአምራቾቹም ድረ ገጾች በየገበያው ይህን መፈለጊያ ያቀርባሉ። ዘመናዊ ስልክ የያዘ አንድ የቤተሰብ አባል በደቂቃዎች ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው። የአሜሪካው መፈለጊያ የሚያሳየው ያልተጠገኑ ጥሪዎችን ሲሆን ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን ላያካትት ይችላል። ስለዚህ ላረጀ መኪና የአምራቹን ድረ ገጽ ወይም ወኪሉን ጭምር መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ክፍት ጥሪ ሲገኝ የሚደረገው ነው። ባለቤቱ የሊብሬውን ቅጂና የጥሪውን ቁጥር ይዞ ለወኪሉ በጽሑፍ ያመልክት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። አምራቹ አይነዳ ያለው መኪና ከሆነ ማቆም ነው። ኤርባግ በሰፈር ጋራዥ መፍታት፣ አጠገቡ መበየድ ወይም ከአሮጌ መኪና የወለቀ ኤርባግ ገዝቶ መግጠም ክልክል ሊባል የሚገባው ነው። ቀፎው የሚቀጣጠል ኬሚካል የያዘ ነው፤ ከአሮጌ መኪና የወለቀውም ያው ጉድለት ሊኖርበት ይችላል።

አራተኛው ጎማን ይመለከታል። በጎማው ጎን ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2315 ማለት በፈረንጆች 2015 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ የተሠራ ነው። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠራበት ይመክራሉ። ይህ ለስኮርት ጎማም ይሠራል። የንፋሱ ልክ በነጂው በር ፍሬም ላይ ተጽፏል፤ ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ይገባል።

ሕጉ ለገዢ የሚሰጠው መብት

ከነጋዴ የገዛ ሰው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም ቢሆን ከሕግ ውጭ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢም ዕቃውን ባገኘው አጋጣሚ ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

በመኪና ሽያጭ ውሎች ላይ ገዢው መኪናውን አይቶና አስመርምሮ ወድዶ እንደገዛ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ማስገባት የተለመደ ነው። ይሁንና ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ዋስትናን የሚያስቀር የውል ቃል በሕጉ ፊት አይጸናም። ስለዚህ ገዢው በውሉ ላይ ሻጩ ስለ መኪናው የፋብሪካ ጥሪና የአደጋ ታሪክ የሚያውቀውን እንዲገልጽ የሚያደርግ አንድ መስመር ቢያስጨምር ሻጩ በኋላ አላውቅም ነበር ለማለት ይቸገራል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ችግር ሲያሳይ ደግሞ ቀኑን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የጭነቱን መጠንና የታየውን ምልክት በደብተር መመዝገብ ይገባል። የጋራዥ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ የወለቀው ዕቃ አይጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣ። ይህ ማስረጃ ለሻጩ፣ ለወኪሉ፣ ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ አስፈላጊም ከሆነ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ይሆናል። የአንድ ሰው ደብተር ብቻውን ትንሽ ነው፤ በአንድ ሞዴል ላይ አሥር ባለቤቶች ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ሲገኙ ግን ወኪሉም አምራቹም በቀላሉ ሊያልፉት አይችሉም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው። የሻንሲ ቁጥር ማስፈተሽ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚወስደው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ጊዜ ነው። ሻጭም ቢሆን መኪናው ተጠርቶ መጠገኑን የሚያሳይ ወረቀት ካለው ዋጋውን የሚያስከብርለት እንጂ የሚያዋርድበት አይደለም። ቁጥሩን ለማሳየት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ግን ቀብዱን በኪስ አድርጎ መመለስ የተሻለ ነው።